አስጎብኚውና መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው ሁለት በር አለ። አንደኛው በየካ በኩል ነው፤ ከመገናኛ ተነሥቶ ኮተቤንና ካራን፣ ከዚያም ለገጣፎንና ሰንዳፋን እያለፈ ወደ ደብረ ብርሃን ይዘልቃል። ሁለተኛው የእንጦጦን ጋራ በምዕራብ ትከሻው ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚያመራው ነው። በአንደኛው በር ወጥቶ በሁለተኛው የሚመለስ መንገደኛ፣ በመካከሉ ደሴን፣ ላሊበላን፣ መቐለን፣ አክሱምን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የረገጠ እንደሆነ፣ የሰሜኑን አገር እንደ መቀነት ዙሪያውን ታጠቀው ማለት ይቻላል። እኛ ይህን ዙሪያ በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጀምረን በሃያ ሁለት ቀን ፈጸምነው። ዐሥራ ሰባት ነበርን፤ የሚበዙት መምህራን፣ ሦስቱ ሠዓልያን፣ ሁለቱ ተዋንያን፣ አንዱ መሰንቆ ተጫዋች፣ እኔም የቲያትር ጸሐፊ። ገንዘብ አዋጥተን የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከመስኮቶቹ ግማሹ የማይከፈት፣ ግማሹ የማይዘጋ ነበር። ስለ አውቶቡሱ ይህ ይበቃል፤ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አስጎብኚያችን ነው።

ጉብኝት በአገራችን እንደ አንድ የመንግሥት ሥራ የተያዘው በ1950ዎቹ፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ነው። «የዐሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር የዚያ ዘመን ፍሬ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አገልግሏል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ ክር ተሰክተው «ታሪካዊው መስመር» የሚል ስም አገኙ። መስመሩ ግን ከሁሉ በፊት የአየር መስመር ነበር። የየብሱ መንገድ አስቸጋሪ፣ የእንግዳውም ጊዜ አጭር ስለነበረ፣ ጎብኚው በዳኮታ አውሮፕላን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዘላል። ይህ ለውጭ ምንዛሪ መልካም ነው፤ ለአገር ዕውቀት ግን ጉድለት አለበት። በአውሮፕላን የሚጎበኝ ሰው ሐውልቱን ያያል፤ ሐውልቱን ያቆመው ሕዝብ ምን አርሶ፣ ምን ጭኖ፣ በየትኛው ገደል ወጥቶና ወርዶ እንደኖረ ግን አያይም። ከተሞቹም በሰማይ ላይ የተንጠለጠሉ ፋኖሶች ይሆኑበታል፤ ማን እንዳበራቸው፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

አስጎብኚያችን ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ጥቂት ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። የየካ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት በቀበና ወንዝ ዳር ነው። እኛ ሁላችን «ጋሼ» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ከመካከላችን ታናሽ የሆነችውን ተዋናይት ሳይቀር «እርስዎ» ይሉ ነበር። ሥራውን የጀመሩት በ1976 ዓ.ም. በመንግሥት የጉብኝት ድርጅት ውስጥ ነው። የውጭ አገር እንግዳ ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት በሚያስፈልገው በዚያ ጊዜ፣ አስጎብኚ መሆን ከመናገር ይልቅ ቆሞ ማኅተም መጠበቅን የሚጠይቅ ሙያ እንደነበረ ሲያወጉን ይስቁ ነበር።

ጉዞው የተጀመረው ወደ ፊት በመሄድ ሳይሆን ወደ ላይ በመውጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ወደ እንጦጦ ወሰዱንና ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጋራ ጫፍ ላይ አቆሙን። በስተደቡብ ከተማይቱ በጢስ ተሸፍና ተኝታለች፤ በስተሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ጋሼ ከኮዳቸው ውኃ ግማሹን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ወደ ሰሜን አፈሰሱ። «ይህ ጋራ ውኃ ያካፍላል» አሉ። «ወደዚህ የፈሰሰው በቀበና አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ወደዚያ የፈሰሰው በሙገር በኩል አባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አንድ ደመና ያዘነበው ውኃ ነው፤ የወደቀበት ቦታ የአንድ ክንድ ልዩነት ነው።» ሌላ አልጨመሩም። እኔ የመድረክ ሰው ነኝና ወዲያው ያሰብሁት ይህን ነገር በቲያትር ቤት ለማሳየት ስንት መብራትና ስንት ሸራ እንደሚፈልግ ነበር።

ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ሰው ቅር ያሰኛል። ጭቃና እንጨት ነው፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ከደህና ገበሬ ቤት በስፋቱ ካልሆነ በቀር ብዙም የማይለይ ነው። ሆኖም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን የቤቱን ትንሽነት በቃላት ብዛት ይሸፍነው ነበር። ጋሼ ግን በደጁ ላይ፣ ነፋሱ በሚመታን ቦታ አቁመውን ዝም አሉ። ጥርሳችን መንገጫገጭ ሲጀምር፣ «እንግዲህ እቴጌ ጣይቱ ለምን ወደ ፍል ውኃ እንደወረዱ ገባችሁ» አሉን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችበትን ምክንያት ከዚህ በተሻለ ያስተማረኝ የታሪክ መጽሐፍ የለም።

ከዚያ ወደ ዛፉ ተሸጋገሩ። ከተማይቱ ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ንጉሡም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ በ1880ዎቹ ገብቶ ጋራውን ባያለብሰው ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ቀደሙት መናገሻዎች የፈረሰ ሰፈር ሆና በቀረች ነበር። «ከተማይቱን የቆረቆሯት ሰዎች ናቸው፤ እንዳትነቀል ያደረጋት ግን ዛፍ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ የእንጨት ሸክም ያጎነበሳቸው አራት ሴቶች በመንገዱ ላይ ብቅ አሉ። አንዱ የሒሳብ መምህር ካሜራውን አነሣ። ጋሼ ክንዱን በእጃቸው ነካ አድርገው፣ «መጀመሪያ ሰላም እንበላቸው» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ በርቱ» አሉ። ሴቶቹ ሸክማቸውን ከግንቡ ላይ አሳርፈው አረፉ። እንጨቱን ወደ ፈረንሳይ እንደሚያወርዱት፣ ሌሊት በዐሥር ሰዓት ከቤታቸው እንደወጡ ነገሩን። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት፣ «ልጄ፣ ፎቶውን ማንሣት ከፈለግህ አንተ ተሸከመውና እኔ ላንሣህ» ቢሉት ሁላችን ሣቅን። መምህሩም ጎበዝ ነኝ ብሎ ሸክሙን ለማንሣት ሞከረ፤ ከጉልበቱ በላይ አላለፈለትም። ከዚያ በኋላ ካሜራ ያነሣ ሰው አልነበረም። ይህ የሆነው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከመከፈቱ በፊት ነው። ዛሬ በዚያ ጋራ ላይ የሚጎበኘው ሰው በእጅጉ በዝቷል፤ ቡና የሚጠጣበትና ብስክሌት የሚጋልብበት ቦታ አለው። ለእንጨት ተሸካሚዎቹ የቆመ ሐውልት ግን እስካሁን አላየሁም፤ ቀራጽያን ወዳጆቼ ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ የካ ተራራ ሄደን ዋሻ ሚካኤልን አየን። ባሕር ዛፉ መካከል፣ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአለት ጣራው በአብዛኛው ስለሌለ ክረምት የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ ይገባበታል። ከእግሩ በታች ባለው ከተማ ከሚኖረው ሕዝብ ስንቱ ያውቀዋል? ከዐሥራ ሰባታችን ቀድሞ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያውም በየካ ተወልደው ያደጉ ሦስት ሰዎች በመካከላችን እያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም እስከ ጉዞው ፍጻሜ አልተለየንም። ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «የደብሩ አገልጋዮች ይህ ቤት በአብርሃና በአጽብሓ ዘመን ታነጸ ይላሉ። የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች ደግሞ አሠራሩን አይተው ብዙ መቶ ዓመታት ዝቅ ያደርጉታል፤ ወደ ላሊበላ ሥራዎች ያስጠጉታል። ሁለቱንም ነገርኳችሁ፤ ማን እንደሚለውም ነገርኳችሁ።» አብሮን የነበረው የታሪክ መምህር ተቆጣ። «ጋሼ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሰጠ አስተማሪ ክፍሉን ያምሳል። አስጎብኚም እውነቱን መናገር አለበት እንጂ ይህም አለ ያም አለ እያለ እንግዳውን ሜዳ ላይ መተው የለበትም» አላቸው። ጋሼም ሳይቆጡ፣ «እውነቱን ባውቅ እነግርዎ ነበር። እስከዚያው ግን ላሊበላ ስንደርስ ዐይንዎ ይፍረድ» አሉት።

በዚህ ነገር እኔ ከጋሼ ጋራ ነኝ። በአገራችን ስለ ድንጋይ የሚነገር ነገር ስለ ድንጋይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህን ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው የሚለው ጥያቄ ፈጥኖ ይህ የማን ነው ወደሚለው ይሸጋገራል፤ ከዚያም ወዲያ ምን እንደሚከተል አይተናል። እንዲህ ባለ አገር፣ «ማን ይላል?» የሚለውን ቃል ከአንደበቱ የማይለይ ሰው ክፍሉን አያምስም። የታሪክ መምህሩም የዋዛ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራው የሚያስፈራ ነገር ነው። ሁለት መልስ ተሰጥቶት ሁለቱንም የጣለ ተማሪ ምን ይይዛል? ጥያቄው ይህ ነበር፤ ስንጓዝም አብሮን ይጓዝ ነበር።

ደብረ ብርሃንን በብርዷ አለፍናት። አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕት ዓመት የመሠረቷት ከተማ መሆኗን ጋሼ ቢነግሩንም፣ እኛ የምናስበው ስለ ብርድ ልብስ ነበር። ከጣርማ በር ላይ ግን ወረድን። በአንድ በኩል ያለው ሜዳ ውኃውን በጀማ በኩል ወደ አባይ ይልካል፤ በሌላው በኩል መሬቱ በድንገት ተገምሶ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ለካ ከየካ ጀምሮ የመጣንበት መንገድ ያንኑ የውኃ ክፋይ ጀርባ ጀርባውን ሲከተል ነበር። ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ አቋርጠን ወደ ቆላው ስንወርድ ካፖርቱ ወለቀ፤ መስኮቶቹም የማይዘጉት ተመሰገኑ።

ደሴ አደርን። በማግሥቱ ሐይቅ እስጢፋኖስን ጎበኘን፤ በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያደራጁበት፣ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ቦታ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ አራቱ ሴት ጓደኞቻችን በውኃው ዳር ቆዩ። ጋሼም አብረዋቸው ቆዩ። በኋላ ብጠይቃቸው፣ «ውስጡን ዐሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ውጪ የሚቀር እንግዳ ግን የእኔ እንግዳ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ሴቶቹ በዚያ ሰዓት የሰሙትን ታሪክ እኛ አልሰማነውም፤ እስከ ዛሬም ሊነግሩን ፈቃደኛ አይደሉም።

ላሊበላ ላይ ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ አስቀምጠውን ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገሩም። ንግግር የሚከፈልበት ሰው ዝም ሲል ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! ከታች ካህናቱ ሲገቡና ሲወጡ፣ ጥላው በመስቀሉ ጣራ ላይ ሲዞር እያየን ቆየን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ከዚህ ጉድጓድ የወጣው ድንጋይ የት ሄደ?» መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አላስቀመጠንም። ሕንፃ ሲባል ድንጋይ በድንጋይ ላይ መጨመር ነው፤ እዚህ ግን ሥራው ሁሉ መቀነስ ነው። ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ለመሥራት የወጣውን አለት በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው ሰው ስሙም ተረቱም የለም፤ «መላእክት ረዱ» የሚለው አፈ ታሪክ ምናልባት ለዚያ ስም አልባ ሰው የተሰጠ ምስጋና ይሆናል። አንደኛው ሠዓሊ ደግሞ ቤተ አማኑኤልን አይቶ ሮጦ መጣ፤ በግድግዳው ላይ የእንጨት ወራጅና የእንጨት መስኮት ቅርጽ በድንጋይ ተቀርጾ አየ። ጋሼ ፈገግ ብለው፣ «አክሱም ሳንደርስ አክሱምን አዩ» አሉት። የአክሱም አናጢዎች በእንጨትና በድንጋይ እያፈራረቁ ይሠሩት የነበረውን፣ የላሊበላ ፈልፋዮች እንጨቱ ባያስፈልጋቸውም ለአባቶቻቸው መታሰቢያ ያህል በአለቱ ላይ ደገሙት። በዚያ ምሽት የታሪክ መምህሩ ጠላውን አስቀምጦ፣ «የየካው ዋሻ የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓምዱን አየሁት» አለ። ጋሼ ወዲያው፣ «ማን ይላል?» ብለው ጠየቁት። «እኔ እላለሁ!» አለ መምህሩ፤ ቤቱ በሣቅ ተሞላ።

መቐለ ላይ ቅጥቅጡን ትተን ወደ ዳሎል የሚወርዱ መኪናዎች ተከራየን። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ከተገደሉ ወዲህ ያለ ጥበቃ መውረድ ስለማይፈቀድ፣ ታጣቂዎች አብረውን ነበሩ። ስለ በረሃው ብዙ ተጽፏል፤ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ የበለጠው አማካይ ሙቀት፣ ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ፣ የተመዘገበው በዚያ ነው። ከእንጦጦ ሦስት ሺህ ሜትር ተነሥተን ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ወረድን። የመሰንቆው ቆዳ በድርቀቱ ተወጥሮ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ፤ ተጫዋቹም እስከ መቐለ መልስ ድረስ ከሳጥኑ አላወጣውም። ከሠዓልያኑ አንዷ የቀለም ሳጥኗን ከፍታ ጥቂት ካየች በኋላ ዘጋችው፤ «ይህን ቢጫ ብስለው ውሸታም ይሉኛል» አለች።

ጋሼ የወሰዱን ግን ለቀለሙ አልነበረም። ጨው ወደሚቆርጡት ሰዎች ወሰዱን። በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር ተቆርጦ የቀረው ውኃ ደርቆ የተወው ያ ነጭ ሜዳ ላይ፣ አፋሮቹ በእንጨት እየፈነቀሉ በመጥረቢያ እያስተካከሉ አሞሌ ያወጣሉ፤ ከደጋ የመጡት ነጋዴዎች በግመልና በአህያ ጭነው ወደ በረሃሌ ይጓዛሉ። «ያ በእንጦጦ ያያችሁት ቤት» አሉ ጋሼ፣ «በውስጡ ንጉሥ ሲኖርበት፣ ከታች ባለው ገበያ እንቁላልም በግም የሚገዛው በዚህ ነበር።» እውነት ነው፤ ምኒልክ በ1880ዎቹ በስማቸው ብር ካሳተሙ በኋላም አሞሌ ለብዙ ጊዜ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። ሰው ከዚህ እቶን ቆርጦ ያወጣው ድንጋይ ገደል ወጥቶ፣ በየገበያው እየተመነዘረ፣ እየተሸራረፈ፣ እንጦጦ ድረስ ይደርስ ነበር። ከጨው ቆራጮቹ አንዱ በአስተርጓሚ፣ በእኛ አገር አንድ ኪሎ ጨው ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀን። ስንነግረው ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ እነርሱም ሥራቸውን አቁመው ለረጅም ጊዜ ሣቁ። ሣቁ ግን ሣቅ ብቻ አልነበረም። የተቀዳ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ አንድ ሙሉ ገቢር በዚያ እጀምር ነበር።

ያን ሌሊት በሐመድ ኤላ ገመድ አልጋ ላይ ተኝተን ሰማይ እያየን ሳለ የሒሳብ መምህሩ ያፈሰስነው ውኃ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ጋሼም የአዋሽ ፍጻሜ ከዚህ በስተደቡብ ብዙ ርቆ፣ ከጅቡቲ ወሰን ላይ መሆኑን አስረዱት፤ አዋሽ ወደ ፍጻሜው ሲወርድ ሐዳርን እንደሚያልፍ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችው በዚያ መሆኑን ነገሩት። «ማን ያውቃል» አለ መምህሩ በጨለማው ውስጥ፣ «እርሷም የእንጦጦን ውኃ ጠጥታ ይሆናል።» ጋሼ ወዲያው እንጦጦ በሦስት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቅርጹ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አስረግጦ አይናገርም ብለው አረሙት። እኔ ግን ማረማቸውን አልወደድሁላቸውም፤ ግጥም የሚሆን ነገር ነበር።

አክሱም ላይ ስለ ራሳቸው የነገሩን ታሪክ ከጉዞው ሁሉ የበለጠ ከእኔ ጋራ ቀርቷል። በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የሰሜኑን ከተሞች ታሪክ በጽሑፍ ሰጥተው በቃላቸው እንዲያጠኑ አደረጓቸው። የሐውልቶቹን ቁመት፣ የነገሥታቱን ስም፣ የመቃብሮቹን አቀማመጥ ሁሉ አጠኑ፤ ተፈተኑም፤ አለፉም። ነገር ግን የጦርነት ጊዜ ነበርና መንገዱ ዝግ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አክሱምን በቃላቸው ይዘው፣ እንግዶቻቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲወስዱ ኖሩ። «ቤቴ ውስጥ ማታ ማታ እንዳልረሳው እደግመው ነበር» አሉ። «ባለቤቴ ከእኔ እየሰማች በቃሏ አወቀችው።» በ1984 ዓ.ም. መንገዱ ተከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ እንግዳ ይዘው ሲመጡ፣ የሚናገሩትን ሁሉ ከቃል ሳይስቱ ተናገሩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ሲያዩ አንገታቸው አልበቃ አላቸው። «ሜትሩን አውቅ ነበር፤ ቁመቱን ግን አላውቅም ነበር» አሉን። ይህን ሲነግሩን ከሮም የተመለሰው 24 ሜትሩ ሐውልት ከፊታችን ቆሞ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተቆራርጦ በአውሮፕላን መጥቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው ዳግመኛ የተተከለው። ከእርሱ የሚበልጠው 33 ሜትሩ ደግሞ ከአጠገቡ ተሰባብሮ ተኝቷል። የታሪክ መምህሩ በዚያ ሰዓት አልተከራከረም፤ ማስታወሻውን ከፍቶ ሳይጽፍ ብዙ ቆየ።

ተከዜን ተሻግረን በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ ወጣን፤ ስሜንን በሩቁ ተሳልመን አለፍን። ጎንደር ላይ የፋሲልን ግቢ ያስጎበኘን የአካባቢው ወጣት ነበር፤ ጋሼ ከብዙ ዓመት በፊት ያሠለጠኑት ነው። 1628 ዓ.ም. ብሎ ሲጀምር ጋሼ ከሁላችን ኋላ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሰሙ ነበር። ከንፈራቸው ከእርሱ ጋራ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ወጣቱ ከእርሳቸው የተለየ ነገር ተናገረና ከንፈራቸው ቆመ። ተውኔት የጻፈ ሰው ያን ፊት ያውቀዋል፤ አዲስ ተዋናይ ቃሉን ቀይሮ ሲናገርና ቃሉ ሲያምር በመድረክ ጀርባ ያለው ጸሐፊ የሚይዘው ፊት ነው። ባሕር ዳርን፣ የጎጃምን ሜዳ፣ የአባይን በረሃ በሦስት ቀን ጨረስን። ደብረ ሊባኖስ ላይ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ስለ ፈጇቸው መነኮሳት ሲነግሩን ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። አክሱም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሰላማዊ ነዋሪዎቿን ቀበረች። ላሊበላና ደሴ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ተኩሱ በዚያ በኩል ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ። ዙሪያውን በየብስ የሚያስጎበኝ ሰው ከዚያ ወዲህ ፈልጌ አላገኘሁም። በላሊበላ አስጎብኚነትን ትተው ሌላ እንጀራ የፈለጉ ሰዎችን በስልክ አነጋግሬአለሁ፤ አንዱ በቅሎውን እንደሸጠ ነገረኝ። ከጎንደሩ ወጣት ግን ወሬ የለኝም። ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ይህ መንገድ ሲዘጋብኝ ሁለተኛዬ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ዝግ ያለ ነበር። ከእንጦጦ በስተሰሜን የፈሰሰው ውኃ ግን አልተዘጋም፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ አርፎ ተርባይን እያዞረ ያልፋል።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለአዳዲስ አስጎብኚዎች ማሠልጠኛ የሚሆን፣ የሰሜኑን ከተሞች የሚተርክ ጽሑፍ በቲያትር አሠራር እንዳዘጋጅለት ጠይቆኝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። እኔ ግን የተስማማሁት አንድ ነገር አስገብቼ ነው፤ በየገጹ ላይ ተናጋሪው ዝም የሚልበት፣ ከእንግዳው ጥያቄ የሚጠብቅበት ባዶ ቦታ እንዲኖር። አዘጋጆቹ ለዚያ ባዶ ቦታ የገጽ ክፍያ ይታሰብ አይታሰብ እንደሆነ እስካሁን እየተነጋገሩ ነው።

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር ጋሼ ደውለው ወደ የካ ተራራ ጠሩኝ። ዛሬ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት አልፏል፤ በትር ይዘዋል። ሥራውን አልተዉትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የአካባቢውን ትምህርት ቤት ልጆች ይዘው ከእንጦጦ እስከ ዋሻ ሚካኤል ድረስ የግማሽ ቀን ጉዞ ያደርጋሉ። በዚያ ቀን ግን የምታስጎበኘው ከኮሌጅ በቅርቡ የተመረቀች ወጣት ነበረች፤ ጋሼ ከልጆቹ ኋላ ነበሩ። ላሊበላን አላየችም፤ አክሱምንም አላየችም፤ ሁሉንም ከወረቀት አጥንታለች። በዋሻው አፋፍ ላይ ልጆቹን አስቀምጣ የደብሩ አገልጋዮች የሚሉትን ነገረቻቸው፤ የአጥኚዎቹንም ነገረቻቸው። አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «እቴቴ፣ ላሊበላ ከዚህ ይበልጣል?» አላት። እርሷም ይበልጣል አለችው። «ሩቅ ነው?» አላት። «ቅርብ ነው፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው» አለችው።

ጋሼ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «በመኪና ሁለት ቀን ነው» አሉ ከኋላ። «ደሴ ላይ ይታደራል።»

ልጅቱ ዞር ብላ አየቻቸውና ማስታወሻዋን ከኪሷ አውጥታ ጻፈችው።